ቅጠሉን ማን ተከለው

ወሬ እወዳለሁ፤ ምን ያስደብቀኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ሮዚና፣ ጎረቤት ለምን እንዳስነጠሰው ካላጣራሽ እንቅልፍ አይወስድሽም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት በዚሁ ጠባዬ ነው፤ ልጅ ለምን እንዳረፈደ፣ በምን እንዳለቀሰ፣ የያዘውን ቦዬ ለማን እንዳካፈለ ሳላውቅ ክፍል አልጀምርም። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ላይ የናሜሌ ቅጠል፣ ያ ዘንባባ መሰል የሹሞች የክልከላ ምልክት፣ ተተክሎ ሳገኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም። ማን ነው የተከለው? የሚለው ነው። ንዴቱ ኋላ ነው የደረሰ።

ግን ከሰኞ ልጀምር፤ አለዚያ ነገሩ አይያዝም።

ትንፋሽ የሚያሳጥረው ተላላፊ በሽታ ዋና ከተማችን ፖርት ቪላ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሁለተኛዋ ከተማ ሉጋንቪልም ደርሷል። የእኛዋ ደሴት ከትልቋ ደሴት ከማላኩላ ፊት ለፊት ያለች፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የምትዞር ናት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው አልታመመባትም። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በሽታው የገባበት ይዘጋ፣ ያልገባበት ደግሞ «ከማኅበረሰቡ ጋር ተመካክሮ» ይወስን። ባጭሩ እናንተው ወስኑ፣ ኋላ እናንተኑ እንወቅሳለን ማለት ነው።

እናም ሰኞ ከሰዓት መሰብሰቢያው ቤት ተቀመጥን። ሹማችን ካይሲን መሐል ላይ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚያዳምጡ የማያውቃቸው የተኙ ይመስለዋል። ሁሉም ተናግሮ ሳይስማማ አይወስኑም፤ ስብሰባችን ለዚህ ነው የማያልቀው።

መጀመሪያ የተነሣችው ሲስተር ኖሪን ናት። የደሴቲቱ ብቸኛ ነርስ ናት፤ የእኔም የልጅነት ጓደኛ።

«ይዘጋ» አለች። «ስልሳ ሦስት ልጅ ሁለት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ይውልና ሲመሽ ከአያቱ ጎን ይተኛል። እኔ ያለኝ የሙቀት መለኪያና የራስ ምታት ክኒን ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢመጣብኝ በጀልባ ነው የማሻግረው፤ ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ አላሻግረውም። ሌላ የምለው የለኝም።»

እኔም ተነሣሁ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት እኔ ነኝ፤ ዝም ብል ሰው ታመመች ይላል።

«እሺ፣ ይዘጋ» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያኑስ? እሑድ እሑድ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን የምንዘምረው በሽታው መዝሙር ስለሚፈራ ነው? ወንዶቹስ ካቫውን፣ ያን የሚያደነዝዝ የሥር መጠጣችሁን፣ በአንድ ቅል እየተቀባበላችሁ የምትጠጡት? ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ አለ። እዚህ ደሴት ላይ በሽታ የሚያዛምተው ሕፃን ብቻ ነው ማለት ነው?»

«ካቫ ጀርም ይገድላል» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተንስ በየማታው ገድሎህ አይደል የምታድረው» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ኖሪን ግን አልሳቀችም። «ሮዚና» አለችኝ፣ «አንዲት አያት ብትሞት፣ ለልጅ ልጇ በማግስቱ ምን ብለሽ ነው የምታስተምሪያት?» እኔ፣ አፏ የማይዘጋው ሴትዮ፣ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ኦቤድ የተነሣው። ኦቤድ ሚስቱ ከሞተችበት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ትልቋ ሌሳሩ ትባላለች፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ እንደሞተች ታናናሾቿን ልታሳድግ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀርታ ነበር። እኔ ነኝ ሄጄ፣ ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አልሄድም ብዬ የመለስኳት። «ትምህርት ቤቱ እስካለ ድረስ አልከለክላትም» ብሎ ቃል ገባልኝ። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና አለባት፤ ካለፈች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች።

«እኔ ክርክር አላውቅም» አለ ኦቤድ። «የሚዘጋ ከሆነ ግን ቶሎ ንገሩኝ። ሉጋንቪል ያለችው እህቴ ሌሳሩን ትፈልጋታለች። የእነሱ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቿ ቤት ውለውባት ሱቋን መክፈት አልቻለችም። መርከብ ሊቆም ነው ይባላል፤ የመጨረሻዋ ዓርብ ትመጣለች። ከተዘጋ ልጅቷ እዚህ ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች?»

እንዲህ «ለትንሽ ጊዜ» ብለው ወደ ከተማ የሄዱ አምስት ሴቶች ልጆች አውቃለሁ። አንዷም አልተመለሰችም። የአንዷን ልጅ አሁን እያስተማርኩ ነው፤ እናቷ ከከተማ አያቷ ዘንድ ልካት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ስለ ስልሳ ሦስቱ ልጆች ስጮህ ልቤ ውስጥ የነበረችው አንዷ ናት። እሷን መርከብ ላይ ላለማሳፈር ነው ትምህርት ቤቱ ክፍት እንዲሆን የፈለግኩት።

ሹሙ ዓይናቸውን ገለጡ። «አልተስማማንም» አሉ። «ነገ እንቀጥላለን።»

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቅጠሉ ቆሞ አገኘሁት።

ናሜሌ ከተተከለ በኋላ ክርክር የለም። ሹሙ በየዓመቱ በዳርቻው ባሕር ላይ ይተክሉታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ማንም መረብ አይጥልም፣ እሳቸው አሳማ አርደው እስኪነቅሉት ድረስ። የሚነቅለው የተከለው ሰው ብቻ ነው። የሚተክለውም ማዕረግ ያለው፣ ጥርሱ የዞረ አሳማ አርዶ የተሾመ ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ከበሩ አሥር እርምጃ ርቀው ተኮልኩለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በአጥር ዘልለው የሚገቡት ሁሉ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ። መነጽሬ፣ ጠመኔዬ፣ መዝገቤ፣ ሁሉም ውስጥ ነው።

«ሹሙ ወሰኑ ማለት ነው» አለች ኖሪን ደርሳ። ደስ ያላት መሰለኝ፤ እንዳልናደድባት ግን ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

ሹሙ ግን መጡና ቅጠሉን አይተው ቆሙ። ፓስተሩም አለ፣ ግማሹ መንደርም ወጥቷል። «የእኔ አይደለም» አሉ። «ስለ ቅጠል አልዋሽም፤ ታውቁኛላችሁ። የተከለው ሰው ይምጣና ይንቀለው። እኔ ያልተከልኩትን አልነቅልም።»

ከእሳቸው ሌላ በደሴቲቱ ማዕረግ ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ዓይነ ስውር ነው፤ አንዱ ከአልጋ ከወረደ ዓመት አልፎታል፤ ሦስተኛው ሰኞ ዕለት በሕዝቡ ፊት «ይከፈት» ብሎ ተከራክሯል። ሦስቱም አይደለንም አሉ። እንግዲህ ጉድ በሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ በሽታው የሚያወራ ጠፋ። ሰው ሁሉ ቅጠሉን ነው የሚያወራ። እኔማ ምግብ አልበላ አለኝ። ክፍል የለኝም፣ ሥራ የለኝም፣ ያለኝ ጥያቄ ብቻ ነው። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ እየመጡብኝ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኖሪንን ነው። ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩባት።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳልል።

«እኔ መውጋት እንጂ መትከል አልተማርኩም» አለችኝ። «ቁጭ በይ። ቁርስ በልተሻል? ስኳርሽን ልለካልሽ።»

«ስኳሬን ተይውና መልሺልኝ።»

«አይደለሁም። ብችል ግን አደርገው ነበር።» ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። በእጅ ጽሕፈቷ አሥራ ዘጠኝ ስም ተጽፏል። «ይህ በሽታ ከገባ የሚብስባቸው ናቸው። ሽማግሌዎች፣ አስም ያለባቸው፣ ስኳር ያለባቸው። ሰባተኛውን አንብቢው።»

ሰባተኛው የእኔ ስም ነው።

«ሮዚ፣ በክርክር ብታሸንፊኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ ጣቴን እየጠረገች። «እኔ ልጆቹን የማልወድ ይመስልሻል እንዴ? የሌሳሩን ነገር አውቃለሁ። ግን አንቺ አንዷን ስታስቢ እኔ አሥራ ዘጠኙን አስባለሁ። ማንኛችን ልክ እንደሆንን ደግሞ እኔም አላውቅም።» ከዚያ መርፌዋን ጣቴ ላይ ሰካች፤ ስኳሬም ከፍ ብሎ ተገኘ። ስትናደጂ ነው የሚወጣው ብላ አባረረችኝ።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ኦቤድን ነው። መዘጋቱ የሚጠቅመው ለእሱ አይደል? እየተንቀለቀልኩ ሄድኩ። ጎደሬ ሲተክል አገኘሁት።

«ኦቤድ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። አንተ ነህ?»

ቀና አለ። ላቡን ጠረገ። «ቲቸር፣ እኔ ማዕረግ የለኝ፣ ጥርሱ የዞረ አሳማ አላረድኩ። ያን ቅጠል ብነካ እጄ የሚያብጥ ነው የሚመስለኝ። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ? ኖሪን አሳምናችሁ ልትዘጉት አልነበረ?»

እውነት አለው። ብስጭቴን የማደርግበት አጣሁ። «ታዲያ ልትልካት ነው?»

«ተዘግቷል እኮ» አለ። «ቃሌን አላፈረስኩም፤ እስካለ ድረስ ነው ያልኩት። ነገ ሻንጣዋን ታሰናዳለች።» ክፉ ሰው አይደለም ኦቤድ። ሲናገር ወደ እኔ ማየት አልቻለም። ሌሳሩ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቃለች፤ አንገቷን ሰብራ። ሰላም ስላት ቀና አላለችም። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣለች አልኩ።

ሐሙስ ቀን ሌላ የምጠይቀው ሰው አለቀብኝ። ወደ ቅጠሉ ሄድኩ። ለሁለት ቀን ከሩቅ ነበር የማየው፤ ሁላችንም ከሩቅ ነበር የምናየው፤ ማን ቀርቦ ይነካዋል? ያን ቀን ግን ከበሩ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባላለፍኩት ምን ያደርገኛል አልኩ።

ቅጠሉ በአንድ ዱላ ላይ በሰሌን ልጥ ታስሯል። ቋጠሮውን አየሁት። ያለ መነጽሬ ስለሆነ አንገቴን አስግጌ ደግሜ አየሁት። ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የማስተምረው። ደብተር ሲበጣጠስ አዲስ ስለማይመጣልን፣ ስምንተኛ ክፍል የገባ ሁሉ ደብተሩን በልጥ ሰፍቶ እንዴት እንደሚቋጥር አሳየዋለሁ። ሁለት ዙር፣ አንድ ማጥለቅ፣ ጫፉ ወደ ቀኝ። ይኸኛው ግን ጫፉ ወደ ግራ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ግራኝ አንድ ብቻ ናት። ትናንት ኮኮናቱን በየትኛው እጇ ትፍቅ እንደነበር አስታወስኩ። ለመነሣት በሩን ልደገፍ ስል ደንግጬ እጄን መለስኩ።

ሌሳሩን ምንጩ ዘንድ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ሌላ ሰው አልነበረም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቋጠሮሽ ጥሩ ነው» አልኳት። «ትንሽ ጠበቅ ቢል ኖሮ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። አልካደችኝም። መካድ ታውቅበታለች ብዬም አላስብም።

«ለምን፣ የእኔ ልጅ?» አልኳት። «ይከፈት ብዬ የምሟገተው ለማን ብዬ ነው? አንቺ እንዴት ትዘጊዋለሽ?»

«አልዘጋሁትም፣ ቲቸር።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀላል ሒሳብ የጠፋው ሰው እንደሚታይ ነው ያየችኝ። «ሰኞ ውጭ ሆኜ ስሰማ ነበር። ልትዘጉት እንደሆነ ገባኝ። ሹሙ ዘንድሮ ባሕሩ ላይ ሲተክሉ ክፍላችንን ወስደሽን የለ? ምን አሉ? ከቅጠል በታች ያለ ነገር የተከለከለ ሳይሆን የተጠበቀ ነው አሉ። ዓሣው እዚያው ሆኖ ያድጋል እንጂ ማንም ከዚያ አያወጣውም አሉ። ስብሰባ ከዘጋው ተዘጋ ነው፤ አባቴ ይወስደኛል። ቅጠል ከያዘው ግን የትምህርት ቤቱ የሆነ ሁሉ እዚያው ይቆያል። ስሜ መዝገቡ ላይ አለ። እኔም የትምህርት ቤቱ ነኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ፣ አገር ምድሩ ያን ቅጠል እያየ «ማን ዘጋው» ሲል ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሹሙ ራሳቸው የተጠበቀ ነው ይላሉ ብዬ ነበር። ይናገሩታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ማንም አላለም። እኔ ነኝ ካልኩ ደግሞ ማዕረግ የለኝም። ቅጣቱ አባቴ ላይ ይወድቃል፤ አሳማ የለው። ሲናደድ ዛሬውኑ ይልከኛል።» ሸሚዙን ጨመቀችው፤ ጨምቃ ጨምቃ ጠብታ አልቀረውም። «ነገ ነው መርከቧ፣ ቲቸር።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ ነገ ትሄዳለች። ብናገርባትም ትሄዳለች። ማሰብ የማልችል ሲሆን የማደርገውን አደረግኩ፤ ሄጄ ለሰው ነገርኩ። ግን ለአንድ ሰው ብቻ።

ሹም ካይሲን አሳማዎቻቸውን ሲመግቡ ነው የደረስኩት። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ አሳማዎቹ እግራቸው ሥር ይንጫጫሉ።

«እንዲያ አልኩ?» አሉ ስጨርስ። «የተጠበቀ ነው አልኩ?»

«አዎ ብለዋል፣ አባባ። እኔም ነበርኩ። እኔ ግን ልብ አላልኩትም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለልጆች ያንኑ እላለሁ። ወፍ እያዩ ነው የሚመስለኝ የነበረ።» ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤ ደስታም ነው፣ ጭንቀትም ነው። «ማዕረግ የሌለው ሰው ናሜሌ ተክሎ ዝም ብል፣ ነገ ማንም ተነሥቶ በጠላው ሰው ማሳ ላይ ይተክላል። ብቀጣት ደግሞ ለአክስቷ አስረከብኳት። ሂጂ ሮዚና። ላስብበት።»

ዓርብ ጠዋት መርከቧ ራቅ ብላ ቆመች። ኤስሊን፣ የኦቤድ እህት፣ በትንሿ ጀልባ ወደ ዳር መጣች፤ አፍንጫና አፏን ሸፍና፣ ጃንጥላ ይዛ። መውረድ ግን አልቻለችም። ኖሪን ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷ ድረስ ውኃው ውስጥ ገብታ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ከከተማ የመጣ እዚህ አሸዋ አይረግጥም» አለች። «ከእዚያው ሆነሽ ተናገሪ።»

«ወንድሜን እንኳ ሰላም አልለውም?»

«በእጅሽ በይው፣ ይታያል።»

መንደሩ ሁሉ ዳር ላይ ወጥቷል። ኦቤድ የሌሳሩን ሻንጣ ይዟል፤ ልጅቷ አጠገቡ ናት። ታናናሾቿ ቀሚሷን ይዘው ያለቅሳሉ። ኦቤድም ዓይኑ ቀልቷል። ወደ ውኃው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ሹም ካይሲን መጥተው ፊታቸው ቆሙ።

«ወዴት?» አሉ።

«ሉጋንቪል፣ አባባ። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ...»

«አልተዘጋም። ከቅጠል በታች ነው» አሉ ሹሙ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከቅጠል በታች ያለ ነገር አይወሰድም። የባሕሩን ታውቁታላችሁ። ይህችም ልጅ የትምህርት ቤቱ ናት። ትቆያለች።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ነገሩ እየገባው ሲሄድ ይታየኛል፤ ኖሪን ውኃው ውስጥ እንደቆመች ወደ እኔ ዞረች።

ኤስሊን ግን ነጋዴ ናት፤ እንዲህ በቀላሉ አትለቅም። «እሺ አባባ፣ ልማዱን አከብራለሁ» አለች ከጀልባዋ። «ግን የማን ቅጠል ነው? ባለቤት የሌለው ቅጠል ያዘኝ ብዬ ባዶዬን ልመለስ? የተከለው ማዕረግ ያለው ሰው ከሆነ ይናገርና እመለሳለሁ።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ሁሉም ወደ ሹሙ አየ። እሳቸው ማክሰኞ በፓስተሩ ፊት የእኔ አይደለም ብለዋል። አፋቸውን ከፈቱ።

«የእኔ ነው» አለች ሌሳሩ።

ከአባቷ ተለይታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋን ሁሉም ሰማው። «እኔ ነኝ የተከልኩት። ማዕረግ የለኝም። አባቴ አያውቅም።»

ኦቤድ ሻንጣውን ጣለው። ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ኤስሊን እጇን አጨበጨበች፤ «ጨዋታው አለቀ፣ ነይ ግቢ» አለቻት። እኔ ልናገር ብዬ ተነሣሁ፣ ምን እንደምል ግን እግዜር ይወቀው።

ሹሙ እጃቸውን አነሡ። «ገና ነው» አሉ። «ጥፋት ካለ ቅጣት አለ። ያለ ማዕረግ ናሜሌ የተከለ አንድ ወንድ አሳማ ይከፍላል። ጥርሱ አድጎ ክብ የሠራ አሳማ።»

«የለኝም፣ አባባ» አለ ኦቤድ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? የተከለችው እሷ ናት። አሳማው የሚገዛ አይደለም፤ የሚሰጥም አይደለም። ራሷ ከግልገልነቱ ታሳድገዋለች። ቅጣቷን ሳትከፍል ከደሴቲቱ መውጣት አትችልም።» ቀጥለውም፣ «ለትምህርት ካልሆነ በቀር» አሉ።

የአሳማ ጥርስ ክብ እስኪሠራ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በእኛ ዘንድ የለም። ሰዉ ሲያሰላ አየሁት። መጀመሪያ የሳቀችው ኖሪን ናት፤ እየሳቀች ውኃው ውስጥ ተንገዳገደች።

«ሰባት ዓመት?» አለች ኤስሊን። «እስከዚያ ልጆቼን ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ባል የለሽም?» አሏት ሹሙ።

ጀልባዋ ዞራ ሄደች። ኦቤድ ሻንጣውን ከአሸዋው ላይ አንሥቶ አራገፈው፤ ወደ ቤትም አቀና። ተናዶ እንደሆነ ልጠይቀው ስከተለው ሲያለቅስ አገኘሁትና ተመለስኩ። ልቡ ያልፈቀደውን ነገር የሚከለክለው ሰው ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ያን ቀን ሌሳሩ ቅጠሉን ነቀለች፤ ለመንቀያው ሹሙ የራሳቸውን አሳማ አረዱ፣ በላፕላፕ፣ በጋለ ድንጋይ በምናበስለው የጎደሬ ቂጣችን፣ በላነው። እየበላን ስብሰባውን ካቆምንበት ቀጠልነው፤ ክርክሩማ መቼ አለቀ። በመጨረሻ ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር እንዲማር ተስማማን። ካቫው በየራስ ቅል እንዲሆን፣ ሠርጉም እንዲያጥር። ኖሪን የሙቀት መለኪያዋን ይዛ በየጠዋቱ በሩ ላይ ትቆም ነበር፤ ልጆቹ ከእኔ በላይ ይፈሯታል።

በሽታው ከአምስት ሳምንት በኋላ ገባ። ከሠርጉ ይሁን፣ ከመዝሙሩ፣ ከጀልባ ይሁን ከማንጎው ሥር፣ እኔ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ ግን አላወቅኩም። እኔም ታመምኩ፣ ዳንኩ። ሁለት ሰው ሞተብን። አንዷ የአንደኛ ክፍል ተማሪዬ አያት ነበረች፤ በኖሪን ወረቀት ላይ አራተኛዋ። ቀብሩ ላይ ኖሪንን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷው መጥታ እጄን ያዘችኝ። የልጅ ልጇ በማግስቱ መጥታ ከማንጎው ሥር ተቀመጠች። ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ፤ ትምህርት አላስተማርኩም።

ሌሳሩ ፈተናውን አልፋ ሁለተኛ ደረጃ ማላኩላ ገባች። አሳማውን እሷ በሌለችበት የሚመግበው ኦቤድ ነው፤ ጥርሱን በየወሩ በስንጥር እየለካ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ያሳያል። ባለፈው ዕረፍት ስትመጣ ከእኔ ዘንድ ቡና ልትጠጣ ገብታ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲበላኝ የኖረውን ነገር ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ሹሙ እንዲህ እንደሚፈርዱ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ። «የሚልኩኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ? ዝም ብትዪ እኮ 'የእኔ ነው' ሊሉልሽ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ነበር።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች። «ሊዋሹልኝ ነበር። እሳቸው ስለ ቅጠል አንዴ ከዋሹ፣ ቲቸር፣ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ማንን ይጠብቃል?»

ይህን ስትለኝ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያደረገችው ግን በአሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሻንጣዋ አባቷ እጅ ላይ እያለ።